የአልጋ ልብስ ፊት የቆሙ ሰዎች

ዛሬ ከስራ ገብቼ ጋደም እንዳልኩ ፎቶ አንሺው ሰይዱ ኬይታ ያነሳቸውን ፎቶዎች ሳይ አመሸሁ። ማሊ ገና በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ስር እያለች በ1948 እ.ኤ.አ ባማኮ ላይ ስቱዲዮ የከፈተ ሰው ነው፣ አናጢ ነበር፣ የመጀመሪያዋን ካሜራ አጎቱ ነው ያመጣለት። ከጀርባ መጀመሪያ የሰቀለው ጨርቅ እኮ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር! ሰዓት ለሌለው ሰዓት ሬዲዮ ለሌለው ሬዲዮ ያውሰው ነበር፣ ፊልም ውድ ስለሆነ ደሞ ብዙ ጊዜ አንዴ ብቻ ነበር የሚያነሳው፣ በቃ አንዴ! አንዱ ወጣት ነጭ ሱፍ ለብሶ መነፅር አድርጎ አንዲት አበባ ይዟል፣ አያያዙ አንጀቴን በላው። እማዬም ሳሎናችን በተሰቀለው የስቱዲዮ ፎቶዋ ላይ ልክ እንደሱ ነው አበባ የያዘችው፣ አሁን ተነስቼ አውርጄ አቧራውን ጠረግኩላት