ቴሌቪዥን ሲመጣ የራዲዮ ጣቢያዎች ምን አደረጉ?

የአሜሪካ የንግድ ራዲዮ ታሪክ ሲነገር፣ የኒውዮርኩ የራዲዮ ጣቢያ ደብሊው.ኢ.ኤ.ኤፍ. እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1922 በክፍያ ያሰራጨው የመኖሪያ ቤት ማስታወቂያ ሳይነሣ አይቀርም። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የታየው ለውጥ ነው። ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎችንና ትልልቅ ስፖንሰሮችን ሲወስድባቸው፣ ጣቢያዎቹ ባዶ የቀረውን የአየር ሰዓት ወጪው አነስተኛ በሆነው የሙዚቃ ሸክላና በአንድ አቅራቢ ድምፅ መሙላት ጀመሩ። በኦማሃ ከተማ የራዲዮ ጣቢያ ባለቤት የነበረው ቶድ ስቶርዝ፣ ሕዝቡ የወደዳቸውን ጥቂት ዘፈኖች ቀኑን ሙሉ እያፈራረቀ በማሰማት፣ በኋላ «ቶፕ 40» ለተባለው የአቀራረብ ስልት መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ሆነ። ስልቱን አደንቃለሁ፤ በዚያው ሽግግር ለተዳከመው የራዲዮ ድራማ ግን ከልብ አዝናለሁ። በ1970ዎቹ ደግሞ በስቴሪዮ የሚያሰራጨው ኤፍ.ኤም. ብዙውን የሙዚቃ አድማጭ እየሳበ ሲሄድ፣ ነባሩ የስርጭት ዓይነት ኤ.ኤም. ቀስ በቀስ ወደ ዜናና ውይይት አዘነበለ።