ቀላ እና ቆላ

ጅማ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ስሠራ ሜኑ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ወጥ ቤቶቹ በወረቀት ጽፈው ይሰጡኛል። እኔ ፊደሉን አርሜ ወደ ማተሚያ ቤት እልካለሁ።

አንድ ቀን ከቦረና የመጡት ወጥ ቤታችን የበዓል ዝርዝር ሰጡኝ። ከዶሮውና ከክትፎው ሥር «ቡና ቀላ» ይላል። ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ ሰረዝኩና «የተቆላ ቡና» ብዬ ጻፍኩበት። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አስተናጋጆቹ በቆሙበት «እትዬ፣ ቡና ይቆላል እንጂ አይቀላም» አልኳቸው።

ሁሉም ሳቁ። እኔማ ማስረዳቴን ቀጠልኩ። ቡና መቁላት፣ ቆሎ፣ ሽንኩርት ማቁላላት፣ ቁሌት፣ ሁሉም የአንድ ቃል ልጆች ናቸው፤ ግእዙም ቈለወ ነው አልኩ። ያልኩት ልክ ነበር። እትዬ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጠፉና ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። አንድም ቃል አልመለሱልኝም።

ከሰዓት በኋላ ከግምጃ ቤት ጀንፈልና ቅቤ አስወጡ። ጀንፈል ሳይፈለፈል ማን ይቆላዋል ብዬ ልጠይቅ ገባሁ። ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። የደረቀውን ፍሬ አንድ በአንድ እያነሱ ጫፉን በፊት ጥርሳቸው ነከስ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ሳህን ላይ ያኖሩታል። አይቸኩሉም። ሳህኑ ሲሞላ የቀለጠው ቅቤ ውስጥ ጨመሩት። ፍሬው ተንጣጣ። የቅቤውና የገለባው ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው።

«እትዬ፣ ምንድን ነው?»

«ቀሉ በእኛ በኦሮምኛ ማረድ ነው፣ ልጄ። ከብት እንደሚታረደው ቡናውም ይታረዳል። ከዚያ ይመረቃል።»

ቁርአን ቤት ዐረብኛ የተማረ አስተናጋጅ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «በዐረብኛም እኮ ቀላ ማለት በዘይት ጠበሰ ነው» አለ። የዐረብኛው ቀላ ለእኛው ቆላ ዘመድ ነው። የእትዬ ቀላ ግን ሌላ ነው፤ ቢላዋ ያለበት ቃል ነው። እኔ የማውቀው ደግሞ በርበሬ የሚቀላበትን ብቻ ነበር።

ኦሮምኛ አልሰማም እንዳልል ጅማ ነው ያደግኩት። ቀሉን ሥጋ ቤት በር ላይ ስንቴ ሰምቼዋለሁ! በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ሲመጣልኝ ግን ስህተት መሰለኝ። «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሜኑው ላይ «ቡና ቀላ» ተብሎ ታተመ። ማታ ሁሉም ከወጡ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ እትዬን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ተወው» ብለው ከቅቤው የወጣ ፍሬ በመዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

ያረምኳቸው በሰው ፊት ነበር። ይቅርታ የጠየቅኩት ግን ለብቻቸው ነው። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።