ዱካውን የሚያጠፋ ክላስተር

በኩበርኔቲስ ላይ የሚሠራ ስፓርክ ለሞተው ጊዜ አይሰጥም። ስፓርክ ብዙ መረጃን በበርካታ ኮምፒውተሮች ላይ አከፋፍሎ የሚያሰላ ፕሮግራም ነው፤ ኩበርኔቲስ ደግሞ ክላስተር በሚባለው የኮምፒውተሮች ስብስብ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሣና የሚቆጣጠር ሥርዓት ነው። አንድ ኤግዚኪዩተር፣ ማለትም ከስሌቱ ድርሻውን የሚሠራ ሂደት፣ ሲወድቅ ሥራውን የሚመራው ድራይቨር ወዲያውኑ ምትክ ይጠይቃል፤ የወደቀው ይሠራበት የነበረው ክፍል፣ ፖዱም፣ ማንም ቅንብሩን ካልቀየረው፣ ከነሎጉ (ከነሥራ መዝገቡ) ይሰረዛል። ሥራው እንዳይቋረጥ ይህ መልካም ነው። የመውደቁን ምክንያት ለሚፈልግ ባለሙያ ግን ገበታው ከተነሣ በኋላ እንደ መድረስ ነው። ይህን አምርሬ የምናገረው ባለፈው የቡና መከር ጅማ ላይ ስላየሁት ነው።

የምሠራበት ድርጅት በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳና በጌራ ወረዳዎች ካሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች መረጃ ይሰበስባል። ታጥቦ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና በየደቂቃው ሙቀቱና እርጥበቱ ይለካል። ሌሊት ስፓርክ ይህን ሁሉ ንባብ ያሰላና የትኛው አልጋ መነሣት እንዳለበት የሚናገር ዝርዝር ጎሕ ሳይቀድ ለጣቢያዎቹ ይላካል። ነገሩ ቀላል አይደለም። የቡናው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ መነሣት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከደረቀ ፍሬው ይሰባበራል፣ ሳይደርስ ከተከመረ ይሻግታል። ዝርዝሩ ሲዘገይ ዋጋውን የሚከፍለው የዓመት ልፋቱ እዚያ አልጋ ላይ የተሰጣ ገበሬ ነው።

መከሩ ሲበረታ የሌሊቱ ሥራ መውደቅ ጀመረ። ድራይቨሩ የሚነግረን «ኤግዚኪዩተሩ ጠፍቷል» ብቻ ነበር። ሁሉም መብራትን ጠረጠረ፤ ጅማ ውስጥ ሰርቨር ለሚጠብቅ ሰው የመጀመሪያው ጥርጣሬ እርሱ ነው። ጄኔሬተሩ ተፈተሸ፣ የኔትወርክ ገመዱ ተፈተሸ፣ ምንም አልተገኘም። የሌሊት ተረኛው ሥራውን እንደገና ያስነሣዋል፤ ጠዋት እኛ ስንደርስ የሞቱት ፖዶች የሉም። ኩበርኔቲስ የሚመዘግባቸው ክስተቶችም በተለምዶ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለማይቆዩ እነርሱም የሉም።

ኃላፊያችን ተጨንቀው ነበር። «ልጄ፣ ሜሞሪ ጨምሩበትና ይለፍ። ጣቢያዎቹ ከንጋት ጀምሮ ይደውሉልኛል» አሉኝ። ተጨመረ። ነገሩ ባሰ እንጂ አልተሻለም፤ እያንዳንዱ ፖድ የሚጠይቀው ሜሞሪ ስላደገ በኖዶቹ፣ ማለትም በክላስተሩ ኮምፒውተሮች ላይ የሚበቃ ቦታ ጠፋና ግማሾቹ ሳይነሡ ተጠባባቂ ሆነው ቀሩ።

እኔ የለመንኳቸው ሌላ ነገር ነበር። «አንድ ሌሊት ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ የሞተው እንደ ሞተ ይቆይ» አልኳቸው። ኤግዚኪዩተሩ ሲያበቃ ፖዱ እንዲሰረዝ የሚያዘውን ቅንብር መዝጋት በቂ ነው። የሞቱት ተከማችተው ክላስተሩን እንዳያጨናንቁ ፈርተው ነበር፤ ያበቃ ፖድ ግን ሜሞሪም ሆነ ፕሮሰሰር አይዝም። ፈቀዱልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፖዱ ቆሞ ጠበቀን። የመዝጊያ ኮዱ 137 ነበር። ይህ ቁጥር 128 ሲደመር 9 ነው፤ 9 ደግሞ ሊኑክስ አንድን ሂደት ያለ ማስጠንቀቂያ የሚገድልበት ምልክት ነው። የሞቱ ምክንያትም አብሮ ተጽፏል፦ ኮንቴይነሩ (በፖዱ ውስጥ ፕሮግራሙን የያዘው ክፍል) ከተፈቀደለት ሜሞሪ አልፏል።

እዚህ ላይ አንድ ባልደረባዬ አጥብቆ ተከራከረኝ፤ ክርክሩም ተገቢ ነበር። ስፓርክ ራሱ የሚሠራበት የጃቫው ሜሞሪ ግራፍ ከግማሽ አላለፈም። እንዴት ሞልቶ ይሞታል? መልሱ ያለው ግራፉ በማያሳየው ክፍል ነው። በመጀመሪያው ቅንብራችን ለጃቫ የተሰጠው 8 ጊጋባይት ነበር። በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ሥራ ሲሆን ስፓርክ በኩበርኔቲስ ላይ ከዚህ በተጨማሪ 40 በመቶ ትርፍ ይይዛል፤ ስለዚህ የኮንቴይነሩ ጣሪያ 11.2 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ስሌታችን የሚካሄደው በፓይተን፣ ፓንዳስ በተባለው የሠንጠረዥ ማስያ መሣሪያው ነው። የፓይተኑ ሂደት ከጃቫው ውጭ፣ በዚያች ትርፍ ውስጥ የሚኖር ነው። ጃቫው ግማሽ ባዶ ቢሆንም እንኳ አንዴ ከሊኑክስ የወሰደውን ቦታ በቀላሉ አይመልስም። እናም ፓይተኑ ሲያብጥ ድምሩ ጣሪያውን ይነካል፣ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። የጃቫን ግራፍ ብቻ እያዩ ስፓርክን መጠበቅ አደገኛ መሆኑን ከዚያ ጠዋት የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ለምን እንዳበጠ ለማወቅ የሥራውን ዝርዝር ገጽ ከፈትን። ሥራው ከተከፋፈለባቸው ተግባራት ሌሎቹ በሰከንዶች ያልቃሉ፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መረጃ ያነባል፣ ሁልጊዜም የሚሞተው እርሱን የያዘው ኤግዚኪዩተር ነው። ንባቦቹ በጣቢያ ኮድ ይመደባሉ፤ እንዲህ ዓይነት የፓንዳስ ስሌት ደግሞ የአንድን ምድብ መረጃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሜሞሪ ያስገባል። ስፓርክ በሠንጠረዦች መጋጠም ላይ የተከመረን መረጃ በራሱ ከፋፍሎ ማቃለል ይችላል፤ ይህን ግን ሊከፍለው አይችልም። ያበጠው ምድብ ኮድ 99 የሚል ነበር።

ኮድ 99ን ከእኛ ክፍል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መለኪያዎቹን ወደምትመዘግበው ባልደረባችን ወረድኩ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ መለሰችልኝ።

«ወንድሜ፣ እርሱማ ገና ኮድ ያልተሰጣቸው ጣቢያዎች ናቸው። በዚህ መከር ብዙ አዳዲስ ተከፍተዋል። ቅጹ ባዶ አያስቀምጥም፤ ኮዱ እስኪመጣ 99 በሉ ተባልን።»

«ለማን ተነገረ?»

«ለእኛ ነዋ። እናንተን የጠየቀን የለም፣ እናንተም አልጠየቃችሁንም።»

በየወረዳው የተበተኑ አዳዲስ ጣቢያዎች በስፓርክ ዓይን አንድ ግዙፍ ጣቢያ ሆነው ነበር። ከሜሞሪውም በላይ ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ ሥራው ባይወድቅ ኖሮ የጌራና የማና አልጋዎች እርጥበት ተደባልቆ ተሰልቶ ጠዋት እንደ ትክክለኛ ዝርዝር ይላክ ነበር። ሜሞሪ የሚገኝበት ሀብታም ክላስተር ቢኖረን የተሳሳተው ዝርዝር ማንም ሳያውቀው ገበሬው ዘንድ በደረሰ ነበር።

ጥገናው ብዙ አላደከመም። አዳዲሶቹ ጣቢያዎች በዚያው ቀን ጊዜያዊ ኮድ በየግላቸው ተሰጣቸው፤ ምደባውም ከጣቢያ ወደ አልጋ ወረደ፣ አንድ አልጋ ፓይተንን የሚያስጨንቅ ንባብ የለውምና። የሜሞሪው ቁጥር ወደ ቀድሞው ተመለሰ። የፖዶቹ ሎግ አሁን ከክላስተሩ ውጭ ይቀመጣል፤ ተረኛውም የወደቀን ሥራ ከማስነሣቱ በፊት የሞተውን ፖድ መግለጫ ቀድቶ ያስቀምጣል። በኮድ 99 ንባብ መግባት ከጀመረ ደግሞ ማንቂያው ከእኛ አስቀድሞ የሚደርሰው መለኪያዎቹን ለምትመዘግበው ባልደረባችን ነው።