ጉንዳኖቹ የማን ወገን ናቸው?

በረንዳዬ ላይ አንዲት ጽጌረዳ አለችኝ። አሮጌ ባልዲ ውስጥ ነው የተከልኳት። እምቡጥ ማውጣት በጀመረች ሰሞን ጫፏ ላይ አረንጓዴ ብናኝ ነገር ተለጥፎ አየሁ። ልጠርገው ስል ተንቀሳቀሰ። ለካ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው።

መጀመሪያ ብዙም አልተጨነቅኩም። ጉንዳኖች በግንዷ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ አይ ነበራ! «ጎሽ፣ እነዚህ ይለቅሙልኛል» ብዬ ተውኩት። ሳምንት ሳይሞላ ክሽክሹ እጥፍ ድርብ ሆነ። ጉንዳኖቹም በዙ። ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

ማጉያ መነጽር ይዤ ባልዲው አጠገብ ቁጭ አልኩ። (በነገራችን ላይ፣ እንደ ማጉያ መነጽር ያለ መዝናኛ የለም።) ጉንዳኗ ከክሽክሹ ኋላ ትቆምና በአንቴናዋ መታ መታ ታደርገዋለች። ከኋላው የጠራ ጠብታ ብቅ ይላል። እሷን ጠጥታ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ላም እያለበች ነው በሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሽክሽ እንደ መርፌ የቀጠነ አፉን ሰክቶ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣል። ፈሳሹ ስኳር እንጂ ገላ የሚገነባ ነገር ብዙም የለበትም። ስለዚህ የሚበቃውን ለማግኘት አብዝቶ ይጠጣል፣ የተረፈውን ስኳር በኋላው ያወጣዋል። ይህ ለጉንዳን ድግስ ነው። ድግሷ እንዳይነካባት ክሽክሹን ሊበሉ የመጡትን ሁሉ ታባርራለች። የኔ ዘበኞች ያልኳቸው የክሽክሹ ዘበኞች ኖረዋል!

አረባቡ ደግሞ ጉድ ነው። በሞቃት ወራት ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ያውም እንቁላል ሳይሆን ልጅ። የምትወለደው ልጅ ሆድ ውስጥም የራሷ ልጆች ማደግ ጀምረዋል። አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ገላ። አዲሷ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ራሷ ወላጅ ትሆናለች።

ተናደድኩና ፀረ ተባይ ነፋሁበት። በማግስቱ ቅጠሉ ጸድቶ አደረ። ምን ያደርጋል፣ ኩራቴ ሦስት ሳምንት አልቆየም። ክሽክሹ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ባልዲው ሥር ስመለከት ብርቱካናማ ነጥብ ያለባቸው፣ ትንንሽ አዞ የመሰሉ ጥቋቁር ትሎች ደርቀው ወድቀዋል። የዚያች የቀይዋ፣ የባለ ጥቁር ነጠብጣቧ ጥንዚዛ እጮች ናቸው። አንዱ እጭ አድጎ ጥንዚዛ እስኪሆን ድረስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላል። እኔ ሁለቱንም ፈጀሁ፤ ቶሎ የሚራባው ቀድሞ ተመለሰ።

እንዲህ የተሸወድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በካሊፎርኒያ ጥጥ የለበሰ የሚመስል ከአውስትራሊያ የመጣ ተባይ የብርቱካን እርሻዎችን ሊያጠፋ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 መጨረሻ ይህንኑ ተባይ የምትበላ ጥንዚዛ ከዚያው ከአውስትራሊያ ማስመጣት ተጀመረ። ጥቂት መቶዎቹ ተራብተው እርሻውን አተረፉት። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ግን ሌሎች ነፍሳትን ለመግደል ዲዲቲ የተባለ ፀረ ተባይ ተረጨ። ጥንዚዛዋ አለቀች፣ የድሮው ተባይ ተመልሶ መጣ።

ተማሪ ሳለሁ «ሥነ ምህዳር ማለት ሕያዋን ነገሮች እርስ በርሳቸውና ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠና ሳይንስ ነው» የሚለውን ሸምድጄ ነጥቤን አግኝቻለሁ። ለዚሁ ሳይንስ ኢኮሎጂ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1866 ያወጣው ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል ነው፤ ከግሪክኛው «ቤት» ከሚለው ቃል ወስዶ። «ግንኙነት» ሲሉኝ ግን የሚያልቡትን፣ ዘብ የሚቆሙትን፣ የሚዋጡትን ማንም አላሳየኝም።

አሁን መርጨቱን ትቻለሁ። ግንዷን በወረቀት ጠቅልዬ ከላዩ የሚያጣብቅ ቅባት ቀባሁት፤ ጉንዳኖቹ ተከለከሉ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንዲት ጥንዚዛ መጣች፣ ከዚያ ሌላ። አንዳንዱ ክሽክሽ ደግሞ አብጦና ቡናማ ሆኖ ደርቋል፤ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። ሆዱ ውስጥ ያደገች የትንኝ ታናሽ የምታክል ተርብ በስታው ወጥታለች። ታችኛው ቅጠል ላይ የቀሩትን ጥቂት ክሽክሾች ሆን ብዬ አልነካኋቸውም። እነሱ ካለቁ ጥንዚዛዎቹ ምን ሊበሉ ይቆያሉ?

ዛሬ ጠዋት አንድ ቅርንጫፍ ረዝሞ የበረንዳውን ብረት ነክቶ አገኘሁት። ጉንዳኖቹ በእሱ በኩል ተሰልፈው እየገቡ ነው። መቀሱን የት እንዳስቀመጥኩት እየፈለግኩ ነው።