ጂኖታይፕሽ ምንድነው?

ባለቤቴ ናይጄሪያዊ ነው፣ የኢባዳን ልጅ። በተዋወቅን በሁለተኛው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና እየጠጣን "ጂኖታይፕሽ ምንድነው?" ብሎ ጠየቀኝ። የደም ዓይነት መስሎኝ "ኦ ፖዘቲቭ" አልኩት። ሳቀብኝ።

ለካ እነሱ አገር ፍቅር ሳይጠነክር የሚጠየቅ ነገር ነው። እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ከሠርግ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት እንያያለን። እነሱ ፊደል ይጠያየቃሉ፣ አንዱ ከአባት አንዱ ከእናት የሚወረስ። ኤ ኤ ነሽ ወይስ ኤ ኤስ? ሁለት ኤ ኤሶች ከተጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ኤስ ኤስ፣ ማለትም የሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ የሚጎብጥበት የዘር በሽታ) በሽተኛ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በዚህ የተነሳ የፈረሰ እጮኝነት ብዙ ነው አለኝ።

እሱ ኤ ኤስ ነው፤ ተሸካሚ። እኔ ተመርምሬ ኤ ኤ ሆንኩ። እፎይ አለ፣ ጉዳዩም እዚያው ተዘጋ። ልጃችን ስትወለድ ተረከዟን ወግተው በወሰዱት ደም እሷም ኤ ኤስ እንደሆነች ተነገረን። "ተሸካሚ ናት እንጂ በሽተኛ አይደለችም" ተባልን።

እናቴ ከደብረ ብርሃን በስልክ "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለች፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማት። እማዬ፣ የብርዱ ነገር ነው እንጂ የዘር ጉዳይ አይደለም! ተሸካሚነት ከከባድ ወባ ስለሚጠብቅ ነው ወባ በበዛበት አገር የተስፋፋው። ደብረ ብርሃን ላይ ማን ወባ አየ? ወደ ጋምቤላ ቆላ ብትወርጂ ግን የእኛም ሰው ደም ውስጥ ይገኛል።

እኔ የምሠራው የኩላሊት እጥበት ማዕከል ነው። ማሽን አዘጋጃለሁ፣ መርፌ እሰካለሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለአራት ሰዓት ያህል ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሰዎችን እጠብቃለሁ። አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ስኳር ነው፣ ግፊት ነው ይባላል። አንድ ቀን ሐኪሙ ለተማሪዎች ሲያስረዳ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። "የሲክል ሴል ተሸካሚነትንም አትርሱ" ሲል ሰማሁ። በእጄ የያዝኩት ጓንት ሳይጠለቅ ቀረ።

ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያንን አይቷል። ከተሸካሚዎቹ 19.2 በመቶው፣ ከሌሎቹ ደግሞ 13.5 በመቶው ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ነበረባቸው። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተሸካሚዎች ኩላሊታቸው እስከ እጥበት የመድረስ ዕድሉ እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳየ። እርግጥ ብዙው ተሸካሚ ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ይኖራል። ቢሆንም "በሽተኛ አይደለችም" የሚለው ቃል ትንሽ የፈጠነ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኩላሊት የውስጠኛው ክፍል ኦክስጅን የሚያጥርበት፣ ጨው የበዛበት፣ አሲዳማ ቦታ ነው። ሌላው ሰውነት ውስጥ ደህና የሚውለው የተሸካሚ ደም እዚያ ሲደርስ ማጭድ ይሆናል። ጥቃቅን የደም ሥሮችን ይጎዳል። ኩላሊቱም ውሃ ቆጥቦ ሽንት ማወፈር ያቅተዋል። ይህን ሳነብ ባለቤቴ ትዝ አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ሌሊት ለሽንት ሦስቴ ይነሳል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምወቅሰው ማታ የሚጠጣውን ሻይ ነበር። ምስኪን ሻይ።

ሌላም አለ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ፣ በተለይ ዮሩባዎች ዘንድ፣ አፖ ኤል ዋን የሚባል ጂን የተለወጠ ዓይነት በብዛት ይገኛል። እሱ ደግሞ ቆላ ዝንብ ከሚያስተላልፈው የእንቅልፍ በሽታ ይጠብቃል፣ ከአባትም ከእናትም ከተወረሰ ግን ኩላሊትን ያጋልጣል። ኢትዮጵያውያን ላይ ሲፈለግ አልተገኘም። ቅድመ አያቶቹን ከወባና ከቆላ ዝንብ ያዳነው ነገር ሒሳቡን ዛሬ ከባለቤቴ ኩላሊት ላይ ሊቀበል መጥቶ ይሆናል።

በየዓመቱ ይመረመር ነበር እኮ። ክሪያቲኒኑ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ሁሌ ደህና ነው። እዚህ አገር ግን እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ከዚሁ ተነስቶ የኩላሊት አቅም የሚሰላበት ቀመር "ጥቁር" ለተባለ ሰው ውጤቱን 16 በመቶ ያህል ከፍ ያደርገው ነበር። ፎርሙ ላይ እኔም ያው ጥቁር ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ይሁን ኢባዳን የሚጠይቅ የለም። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን አለ ወይ ብሎ ያየ ግን ማንም አልነበረም።

ለምኜ ላክሁት። "ኤ ኤስ እኮ ነኝ፣ ኤስ ኤስ አይደለሁም" እያለ ሄደ። አልቡሚኑ፣ ሽንቱ ውስጥ የወጣው ፕሮቲን፣ 112 ሆኖ መጣ፤ ከ30 በታች መሆን ነበረበት። ከሦስት ወር በኋላ ሲደገም ብዙም አልተለወጠም። ሐኪሟ ኩላሊቱን የሚጠብቅ የግፊት ክኒን ሰጠችው፣ ለጀርባው የሚውጠውን አይቡፕሮፌን አስቆመችው። የሦስት ወር የስኳር ምርመራ ተሸካሚ ላይ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊታይ እንደሚችልም ነገረችን። ይሄኛውን እኔም አላውቅም ነበር።

የምበሳጨው ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ፊደሎቹን ማወቁ ላይ ነው። እናቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ነግረውታል። ግን የነገሩት ማንን እንደሚያገባ ነው። ስለ ራሱ ሰውነት ያነሳለት ሰው የለም።

ትናንት ታላቅ ወንድሙ ጋ ደወለ፣ እሱም ኤ ኤስ ነው። ሽንትህን ተመርመር አለው። ስፒከር ላይ ስለነበር የወንድሙ ሳቅ ኩሽና ድረስ ተሰማኝ።

"ለምን ብዬ? እኔ እኮ አግብቻለሁ።"