የወደቡ አፍ

ሄይማይ ደሴት ልንደርስ ስንል ያየሁት ወደብ ሳይሆን ገደል ነው። ከአይስላንድ ደቡብ ጠረፍ ከተነሳን 40 ደቂቃ ያህል ሆኖናል። መርከቧ ቀጥ ብላ ከድንጋዩ ጋር ልትላተም መሰለኝ። ጠባቧ መግቢያ የታየችኝ አጠገቧ ስንደርስ ነው። በቀኝ በኩል 283 ሜትር ከፍታ ያለው ሄይማክሌቱር የሚባል ገደላማ ተራራ ተገትሯል። በግራ ጥቁር፣ ሹል የላቫ ክምር አለ፤ ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ወጥቶ የረጋ ድንጋይ ነው። ይህ ክምር እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚያ አልነበረም።

የአይስላንድ ደቡብ ጠረፍ አብዛኛው ጥቁር አሸዋ ነው፤ ጀልባ የሚጠለልበት ቦታ ብርቅ ነው። ኮድ የሚባለው አሳ ደግሞ እንቁላሉን ለመጣል በዚሁ አካባቢ ይሰበሰባል። እንግሊዞች በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ድረስ የተመላለሱት ለእሱ ብለው ነው። መግቢያው ዳር ስካንሲን የሚባል አሮጌ ምሽግ አለ። በ1627 የአልጀርስ የባህር ወንበዴዎች ሲመጡ ግን በወደቡ አልገቡም። በደሴቲቱ ሌላ ጎን ወርደው ከ230 በላይ ሰው ማርከው ወሰዱ። እዚያ ቆሜ ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ።

ወደቡ ዳር አንድ አዛውንት መረብ ሲጠግኑ አገኘሁ። መርፌዋ በጣቶቻቸው መሀል ውልብ ትላለች፤ ቀና ሳይሉ ነው የሚያወሩት። ጃንዋሪ 23 ቀን 1973፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መሬት ተሰንጥቃ እሳት ስትተፋ እሳቸው ልጅ ነበሩ። ደግነቱ የዋዜማው ማዕበል ጀልባዎቹን ሁሉ ወደብ ውስጥ አስቀርቷቸው ነበር። 5,300 ከሚሆነው ነዋሪ አብዛኛው በዚያች ሌሊት በአሳ ጀልባ ተሳፍሮ ወጣ። «ሞገዱ ገና አልበረደም ነበር፤ እስክንደርስ ሳስመልስ ነው ያደርኩት» አሉኝ።

ከዚያ ላቫው ወደ መግቢያው ገሰገሰ። መግቢያው ቢዘጋ ከአሳ የሚኖር መንደር ምን ይተርፈዋል? ሰዎቹ የባህር ውሃ በፓምፕ እየሳቡ ላቫው ላይ ረጩበት፤ ለወራት፣ ወደ 6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ። ቀዝቅዞ እንዲደነድንና የኋላውን እንዲያግድ ነው። 400 የሚጠጉ ቤቶች ጠፉ፤ ወደቡ ግን ተረፈ። እንዲያውም አዲሱ ላቫ ከምሥራቅ የሚመጣውን ማዕበል ስለሚገታ ከድሮው የተሻለ መጠለያ ሆነ።

አዛውንቱ በመርፌያቸው ወደ ክምሩ ጠቆሙኝ። ቤታቸው እዚያ ስር ነው። በዚያው ቅጽበት አንዲት ጀልባ በሞገድ እየተናጠች ከውጭ መጣች። ክምሩን ታካ ስትገባ ውሃው ጸጥ አለላት።