በ49 ኪሎ ካይት መምረጥ

ኮምቦልቻ ባሕር የለም። ይህን የሚያስታውሰኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። እኔ ግን ትራንዚተር ነኝ፤ የደንበኛ ዕቃ ለማስለቀቅ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። የዚህ ሥራ ግማሹ መጠበቅ ነው። ሰነድ ይዘገያል፣ መኪና ይዘገያል፣ አርብ ደግሞ ሁሉም ነገር ዝግ ነው። ሌሎቹ በርጫ ላይ ሲቀመጡ እኔ ካይትሰርፊንግ ጀመርኩ።

ለማታውቂው፦ በአየር የሚነፋ ትልቅ ካይት በገመድ ወገብሽ ላይ ይታሰራል፣ እግርሽን ቦርድ ላይ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ነፋሱ ውኃ ላይ ይጎትትሻል። እኔ 49 ኪሎ ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ58፣ ጫማዬ 36። ቁጥሮቹን የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዕቃ ስፈልግ ያገኘሁት ምክር ሁሉ የሰማንያ ኪሎ ወንድ ልክ ነበር፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር በራሴ ቁጥር መልሼ ማስላት ነበረብኝ።

መጀመሪያ የካይቱ መጠን። የሚለካው በካሬ ሜትር ነው፤ ሰው ግን ዝም ብሎ "ዘጠኝ"፣ "አሥራ ሁለት" ይላል። ነፋሱ በኖት ይለካል፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙዎች የሚጠቀሙበት የግምት ስሌት አለ፦ ኪሎሽን በ2.2 አባዢና በነፋሱ ኖት አካፍዪው። በ18 ኖት ነፋስ ለእኔ ስድስት ይመጣል፤ ለሰማንያ ኪሎ ሰው ወደ አሥር ይጠጋል። "ለጀማሪ ዘጠኝ አሪፍ ነው" ያለኝ ሰው ክፉ አስቦ አልነበረም፣ ለራሱ የሚሆነውን ነው የነገረኝ። ነፋስ ደግሞ ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ከ15 ኖት ወደ 20 ሲወጣ ለዓይን ብዙም ለውጥ የለውም፣ ጉተታው ግን ወደ 1.8 እጥፍ ይደርሳል። ከባድ ሰው ሁለት እርምጃ ተጎትቶ ይቆማል። ቀላል ሰው ከመሬት ይነሳል።

እናም የመጀመሪያ ካይቴ ስድስት ሆነ። እዳው ገብስ ነው አልልም፤ ትንሽ ካይት ፈጣን ነው፣ ባሩን፣ ማለትም ካይቱን በእጅሽ የምትመሪበትን ዘንግ፣ ነካ ስታደርጊው ይዞራል፣ ያልለመደ እጅ ደግሞ መንካት ያበዛል። ቢሆንም ፈጣን ካይትን እጅ ይለምደዋል፤ ከልክ በላይ የሚጎትተውን ግን ልምድ አያቀልለውም። ቅርጹንም ጠይቂ። ዴልታ ወይም ቦው የሚባሉት ባሩን ስትገፊ አብዛኛውን ጉልበታቸውን ይጥላሉ፣ ውኃ ላይ ሲወድቁም በቀላሉ ይነሳሉ። የሲ ቅርጽ ያላቸውን በአየር ላይ ለሚገለባበጡት ተዪላቸው።

አሁን ወደ ደሴ እንውጣ። ጅቡቲ በማልሄድባቸው ሳምንታት ሁለት ገመድ ባላት፣ ለመለማመጃ በተሠራች ትንሽዬ ካይት ጢጣ አካባቢ ገላጣ ሜዳ ላይ እለማመድ ነበር። ልጆች "ፓራሹቷ መጣች!" እያሉ ይከቡኛል፤ አንድ አባት "አብሽሪ ልጄ፣ ከወደቅሽም ሣር ላይ ነው" ብለውኛል። ለእጅ በጣም ይጠቅማል፤ ዓይንሽን ሰማይ ላይ ሳትተክዪ ካይቱ የት እንዳለ ማወቅ የምትለምጂው እንዲህ ነው። ግን ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቷል፤ ከባሕር ጠረፍ አየር ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ይቀላል። ስለዚህ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥርና ጅቡቲ እኩል አይጎትትም። ደሴ ላይ "ይህቺን እችላታለሁ" ያልሽው ካይት ወደ ባሕር ጠረፍ ስትወርጂ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ለሰማንያ ኪሎ ሰው ይህ ልዩነት ወሬ ነው፤ ለእኔ ከስድስት በላይ እንዳልገዛ ያደረገኝ ነገር ነው። በነገራችን ላይ "ሐይቅ እያለልሽ ምን ጅቡቲ አስኬደሽ?" የሚሉኝ አሉ። ከደሴ በስተሰሜን ያለው የሐይቅ ውኃ ውብ ነው፣ ግን ዙሪያውን ተራራ ነው፤ ነፋስ ተራራ ከመታ በኋላ እየተቆራረጠና እየተሽከረከረ ይመጣል። ለቀላል ሰው ደግሞ እንደዚህ ያለ ነፋስ የመጨረሻው መጥፎ ነው። የሚያወጣሽ ጀልባና ካይት የሚያውቅ ሰው በሌለበት ጭራሽ አይታሰብም።

ሰው ሁሉ ስለ ካይቱ ያወራል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ሃርነሱ ነው፤ ካይቱ የሚያያዝበት የወገብ መታጠቂያ ማለት ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ እንደ መቀነት ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው። ሌላው ጭን ሥርም የሚያልፍ ማሰሪያ ስላለው መቀመጫሽን ይዞ ይቀራል። ጀማሪ ካይቱን አናቷ ላይ ብዙ ስለምታቆየው ጉተታው ወደ ላይ ነው፤ የወገቡ ዓይነት እየሸሸ ይወጣና መንጠቆው የጎድን አጥንት ሥር ይገባል። ወገቧ ቀጭን ዳሌዋ ሰፋ ያለ ሴት የወንድ ልክ ከታጠቀች ይህ ይባስባታል። እኔ የጭን ማሰሪያ ያለውን መረጥኩ። አያምርም፣ ይሁን። የወገቡን ዓይነት ከፈለግሽ ለሴት የተሰፋውን ውሰጂ፤ ታጥቀሽው መንጠቆውን ጠንካራ ነገር ላይ አስገቢና ሙሉ ክብደትሽን ጥለሽ ተንጠልጠዪ። ከእምብርትሽ በላይ ሽቅብ ከሄደ መልሽው። ባለ ሱቁ ይስቃል፤ ይሳቅ።

ባሩ ላይ ደግሞ ማንም የማያነሳው ነገር የክንድ ርዝመት ነው። ከባሩ በላይ የካይቱን ጉልበት የምትቀንሺበት ማሰሪያ አለ። ባሩን ሙሉ በሙሉ ገፍተሽው እጅሽ እዚያ መድረስ አለበት። የእኔ በአንደኛው ባር አልደረሰም። በጣቴ ጫፍ እነካዋለሁ፣ መጎተት ግን አልችልም። እንዲህ ያለው ባር ነፋሱ ሲበረታ፣ በጣም በሚያስፈልግሽ ሰዓት ማለት ነው፣ የለም ብለሽ ቁጠሪው። የምትደርሺበትን ምረጪ። አስቸኳይ መፍቻውንም ባለቤቱ ፊት ለፊት ሞክሪው፤ ሌላ ሰው ገመዱን አጥብቆ እየሳበ አንቺ በአንድ እጅ ፍቺው። አሸዋ የገባበት ከሆነ ይጠነክራል፣ ትንሽ እጅ ደግሞ ያኔ ያቅተዋል።

ቦርድ ላይ ብዙ አልቆይም። ለጀማሪ ትልቅ ቦርድ ይሰጣል፣ ምክንያቱም ውኃ ላይ ቶሎ ለመቆም ይረዳል። ነገር ግን ቀላል ሰው 150 ሳንቲ ሜትር ቦርድ ላይ ስትቆም ጠርዙን ውኃ ውስጥ መክተት ያቅታታል፣ ጠርዙ ካልገባ ደግሞ ነፋሱ ወደ ወሰደሽ ትሄጃለሽ፣ ከዚያ ቦርድ ተሸክሞ በእግር መመለስ ነው። የእኔ 132 በ40 ነው፤ በቂ ነው። የእግር ማሰሪያው እስከ 36 መጥበቡን ብቻ እይ።

ልብስ። የጅቡቲ ውኃ ሞቃት ስለሆነ ወፍራም የዋና ልብስ አልገዛሁም፤ ረጅም እጅጌ ያለው የሚጠብቅ የዋና ልብስና ሱሪ ይበቃል። ሻሽ የምታስሪ ከሆነ ልቅ ሻሽ ገመድ አጠገብ አይሆንም፤ የዋና ሂጃብ አድርጊና የራስ ቁሩን ከላዩ ለኪ። ሹሩባ የተሠራሽ ሰሞንም እንደዚሁ፣ ወፍራም ሹሩባ የቁሩን ልክ ይቀይራል። ተንሳፋፊው ሰደርያ ከሃርነሱ ጋር አብሮ ይለካ፤ እኔ የልጆች ልክ ነው የሆነኝ።

አዲስ መግዛት ለኪሴ አልሆነም። የሥራ ጊዜያቸው አልቆ አገራቸው ከሚመለሱ ፈረንሳዮች አሮጌ ገዛሁ፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ዕቃውም ባብዛኛው በደንብ የተያዘ ነው። ጨርቁ በእጅ ሲጨበጥ እንደ አዲስ ወረቀት ካልተንኮሻኮሸ ፀሐይ በልቶታል። ካይቱን ንፊውና ለሰዓታት አቆዪው፤ ከላላ ካላማዳሪው ያፈሳል። ገመዶቹን አንድ ላይ ምስማር ላይ አስገብተሽ ሳቢያቸው፣ እኩል ካልሆኑ ካይቱ ወደ አንድ ጎን ይጎትትሻል። ካላማዳሪው ቢቀደድ ኮምቦልቻ ጎሚስታ ጋ እንዳትወስጂው፤ ጎማ አይደለም፣ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ በጋለ ብረት ያቀልጠዋል። የራሱ ማጣበቂያ አለ፣ ከሻጩ ላይ ጠይቂ።

ዕቃውን ያመጣሁት በሲኖትራክ ነው፣ በጋላፊ በኩል። ኬላ ላይ ፈታሹ ካይቱን ገልጦ "ይሄ ምንድን ነው፣ ድንኳን ነው?" አለኝ። ስፖርት ነው አልኩት። ቦርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ቦርዱን አየ። ደረሰኝ ስለነበረኝ ብዙ አልቆየሁም፤ አሮጌም ቢሆን ከሻጩ የተፈረመ ወረቀት ያዢ።

አሁን ስምንት እየፈለግኩ ነው። ነፋሱ 13፣ 14 ኖት በሚሆንባቸው ቀናት ስድስቷ አትጎትተኝም፣ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብዬ ሰው ሳይ ነው የምውለው። አንድ አይቻለሁ፣ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ባለቤቱ ግን ከነባሩ ካልሆነ አልሸጥም ይላል፣ የእሱ ባር ደግሞ ለእኔ ክንድ ረጅም ነው። ካልለየልኝ በስድስቷ እቀጥላለሁ።